እግር ያልረገጠው መንገድ

ካርታዎቹ ፊት ስቆም የእግሬ ጣቶች ጫማዬ ውስጥ ጭብጥ አሉ። አንተ ይህን አላየህም፤ ያየኸው ፊቴን ነው። «ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» አልከኝ። አላመመኝም። የኤግዚቢሽኑ ኮሪደር አሮጌ ወረቀትና ሙጫ ይሸታል። በመስኮት የገባው ፀሐይ ከመስታወቶቹ ላይ እየነጠረ ዓይኔን ይወጋኝ ነበር። አዲስ አበባ ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ በተርታ የተሰቀለችው። በመጀመሪያው ካርታ ላይ እዚህም እዚያም የተንጠባጠቡ መንደሮች ብቻ ናት። በሚቀጥለው መንደሮቹ ተቀራርበዋል፤ ከዚያ ተያይዘዋል፤ በመጨረሻው ላይ ወረቀቱ አልበቃትም። ሌላው ሰው እያደነቀ አለፈ። እኔ ከመካከለኛው ፊት መላወስ አቃተኝ፣ ከጣሊያን ጊዜው። እዚያ ላይ ከምሥራቁ ወንዝ ተነስቶ የከተማዋን ወገብ የሚዞር አንድ መንገድ አለ፣ በተቆራረጠ መስመር የተሳለ። ያንን መስመር አውቀዋለሁ። ቤታችን ግድግዳ ላይ... አይ፣ እንዲህ አይጀመርም። ቆይ፣ ከደህናው ቀን ልጀምርልህ።

የመጨረሻው ደህና ቀን የገበያ ማግስት ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ ፀሐይ ገና ከረፋዱ ቆዳ ታጣብቃለች። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ጥጥ እየታሰረ ስለነበር ብናኙ ላባችን ላይ ተለጥፎ ሁላችንም ሽበት ያወጣን መስለናል። ወንድሜ ጆንያ ውስጥ ገብቶ ጥጡን በእግሩ ይጠቀጥቃል። ባልንጀራው፣ አብሮት የሚነግደው የቀወት ሰው፣ ውሃ የጠጣ ጠፍር እየጎተተ ያስራል። የእርጥብ ጠፍርና የበቅሎ ላብ ሽታ ዛሬም ድረስ ለእኔ የጉዞ ሽታ ነው። እናቴ ቤት ውስጥ ነበረች። ረመዳን ሳይገባ ቤቱን ልታድስ ጭቃና እበት ለውሳ ግድግዳውን ትመርጋለች። እጇ ግድግዳው ላይ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ እስከ ግቢው ይመጣል።

እኔ አልቀመጥም። ገመድ አቀብላለሁ፣ በቅሎዋን ሄጄ አያለሁ፣ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። ጢሜ ማጎንቆል ጀምሯል፤ ሸክም እችላለሁ፤ ከማጀቴ እስከ ሮቢት ብቻዬን አህያ ነድቼ አውቃለሁ። በዚህ ጉዞ አብሬ እንድሄድ ወንድሜ ቃል ገብቶልኝ ነበር። አዲስ አበባን በዓይኔ አይቻት አላውቅም። ግን አውቃታለሁ። እንዴት እንደማውቃት ለመንገር ግድግዳውን መንገር አለብኝ።

የኛ ሰፈር ነጋዴዎች አንድ ልማድ ነበራቸው። ከከተማ የተመለሰ ሰው፣ ጭነቱ ሳይወርድ፣ ጫማውም ሳይራገፍ፣ ቀጥ ብሎ ገብቶ የውስጠኛው ግድግዳ ፊት ይቆማል። ያየውን አዲስ ነገር እዚያ ላይ ይስላል። ኬላ የት እንደ ቆመ፣ ድልድይ የት እንደ ተሠራ፣ የማን ግቢ እንግዳ እንደሚያሳድር፣ ለበቅሎ ውሃ የት እንደሚገኝ። ከዚያ በኋላ ነው ጫማውን አውልቆ ለቤቱ ሴት የሚሰጠው፤ እሷም ደጃፉ ድንጋይ ላይ መታ መታ አድርጋ የመንገዱን አቧራ ታራግፈዋለች። ጫማው ከተራገፈ በኋላ የተሳለ ነገር አይታመንም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ጠግቦ፣ ተጋድሞ ሲያስታውስ ይጨምራል ይባላል። ተረኛው ተጓዥ መጥቶ ግድግዳውን አይቶ ይሄዳል። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሕጉን ባጭሩ ነበር የሚለው። «እግር ያልረገጠውን እጅ አይስልም።»

አሳሳሉም የራሱ ወግ አለው። ጋሪና መኪና የሚሄድበት መንገድ ጣት ሳይነሳ የሚጎተት ሙሉ መስመር ነው። ሰውና የጭነት ከብት የሚሄዱበት የእግር መንገድ ግን በአውራ ጣት ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይደረጋል፣ እንደ ዱካ። ይህን ያዝልኝ።

የታችኛዋ ከተማ የአባቴ ናት፣ በአመድ ውሃ የተሳለች፣ ነጭ። ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥቱ፣ ከሥሩ ፍል ውሃው፣ ወዲያ ማዶ የአራዳ ገበያ። በመካከሉ ሜዳና ወንዝ ነው፤ የየመኳንንቱ መንደር እንደ ተበተነ መንጋ እዚህም እዚያም ተኝቷል። ወንድሜ አባታችንን ተክቶ መንገድ ሲጀምር በከሰል ቀጠለ። ባሕር ዛፉ ሜዳውን በላው፤ ባቡር መጣ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ በዛ፤ መንደሮቹ እጅ ለእጅ ተያያዙ። ጣሊያን ከገባ ወዲህ ደግሞ ቀይ አፈር በጥብጦ ይስል ጀመር። ቀዩ የክረምት ዱባ ሐረግ ነው፤ ወንድሜ በተመለሰ ቁጥር ወዲያ ተስቦ ይገኛል። የወታደር ሰፈር፣ ኬላ፣ ሌላ ኬላ። ገበያው ራሱ ከአራዳ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሄደ። እኔ ከዚያ ግድግዳ ሥር ተኝቼ ነው ያደግሁት። ዓይኔን ጨፍኜ ከወንዙ እስከ ገበያው እሄድ ነበር። ባልንጀራው «የግድግዳው ነጋዴ» የሚለኝ ለዚህ ነው።

«የግድግዳው ነጋዴ፣ ዛሬ ገበያው እንዴት ዋለ? ግድግዳው ላይ ጥጥ ተፈልጓል?»

እናቴ በበኩሏ ታማርር ነበር። «ሰው ግድግዳው ላይ ሰፌድ ይሰቅላል፤ እኔ አዲስ አበባን ተሸክሜ እኖራለሁ» ትላለች። ግን በየዓመቱ ስትመርግ የሥዕሉን ዳር ዳር በጣቷ ጫፍ ነው የምትዞረው። አንድ ጠብታ እንኳ ደምስሳ አታውቅም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ ደጋው ዘንቦ የሮቢት ወንዝ ሞላ። ድልድዩ ገና አላለቀም ነበርና አንድ ካሚዮን መሻገሪያው ላይ ተያዘ። ወንድሜ ጭነቱን በበቅሎው አሻገረለት። ሹፌሩ ከአሥመራ የመጣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ከመቀመጫው ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦ አውጥቶ ሰጠን። የወንድሜ ዓይን ወረቀቱ ላይ ቀረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«አዲስ አበባ ናት።»

«አዲስ አበባን ዳቦ ጠቀለልክባት?»

«ውሰዳት በቃ። እኔ ያለ ወረቀት አውቃታለሁ።»

ያን ደህና ቀን ታዲያ፣ ጥጡ ታስሮ ሲያልቅ፣ ወንድሜ ወረቀቱን ጆንያው ላይ ዘረጋው። ቅባት ነክቶታል፤ ለፀሐይ ሲይዙት ብርሃን ያሳልፋል። ባልንጀራው አንገቱን ወዲያና ወዲህ አዘመመ።

«በየት በኩል ነው ፊቷ?»

«በቅሎ አደረግሃት እንዴ?»

«ወላሂ በቅሎ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ጆሮዋን አይቼ እለየው ነበር።»

ወንድሜ እየሳቀ ጣቱን ወረቀቱ ላይ ነዳ፣ ነዳ፣ ከዚያ ድንገት ጮኸ። «ይኸው ባቡሩ! ይኸው ወንዙ! ይኸው ገበያችን!» ተንጋግተን ገብተን ከግድግዳው ጋር አስተያየነው። ገጠመ። ጣሊያን በቀለም የሳለውና ወንድሜ በአፈር የሳለው ገጠመ። ፊቱን ብታየው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰ ሰው ነው፤ ያን ሰዓት ግን ፈተና ያለፈ ተማሪ መስሎ ነበር።

መስመሩን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ከምሥራቁ ወንዝ ይነሳል፤ ኬላዎቹን ሁሉ ወደ ጎን ይተዋል፤ አዲሱ ገበያ ይገባል።

«ይኼ ባለፈው አልነበረም» አለ።

«በዚህች ጊዜ ሠሩት?» አለ ባልንጀራው።

«ተራራ የበሱ ሰዎች ናቸውኮ።»

እውነቱን ነው። ጣርማ በር ላይ ተራራው ሲበሳ የፍንዳታው ጉምጉምታ እኛ ድረስ ይወርድ ነበር። ከተራራ ሆድ መንገድ ያወጣ ለሜዳ ምን ይቸግረዋል?

«ታዲያ ምነው ተቆራረጠ?»

ወንድሜ አውራ ጣቱን መስመሩ ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ አሳየው። «የእግር መንገድ ነዋ! ለመኪና ቢሆን ሙሉ ያደርጉት ነበር። ይኼ የኛ ነው፣ የሰውና የከብት።»

ማናችንም አልተጠራጠርንም። እንዴት እንጠራጠር? የሳለው ሰው ረግጦት ነው የሳለው። ያልረገጠውን የሚስል ሰው በዓለም ላይ አለ ብለን አናውቅም።

ደግሞም መንገዱን ፈልገነው ነበር። ባለፈው ጉዞ የምሥራቁ ኬላ ላይ የባልንጀራውን በቅሎ ለጦሩ ጭነት ብለው ከነኮርቻዋ ወስደውበታል። ለእሱ አህዮች ብቻ ቀሩት፤ ዳገቱን ከነሙሉ ጭነት የምትወጣ የወንድሜ በቅሎ ብቻ ነበረች። እሷ ከተወሰደች ንግዱ አለቀ፤ ቤታችን የሚበላው በእሷ ጀርባ ነው። ኬላ የማይነካ መንገድ ለእኛ ምን ማለት እንደነበረ ገምት።

ወንድሜ መታገሥ አቃተው። ቀይ አፈር የተበጠበጠበትን ቅል አንስቶ አውራ ጣቱን ነከረ። እናቴ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ እንደሆነ መጥታ በእሱና በግድግዳው መካከል ቆመች።

«ረግጠኸዋል?»

«እማ፣ ወረቀቱ ላይ...»

«ወረቀት እግር አለው? ረግጠኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

«አልረገጥኩትም።»

«እንግዲያ እጅህን ጥረግ። አባትህ ቢኖር ጣትህን ይመታህ ነበር።»

ጣቱን በሽርጡ ጠረገ። እየሳቀ ነበር። «እሺ፤ ግን ቦታ ተይልኝ። አላህ ካለ ረግጬው መጥቼ እስለዋለሁ።» እናቴ እያጉረመረመች መንገዱ የሚያልፍበትን ቦታ በአዲስ ጭቃ መረገችለትና በእጇ ጀርባ አለሰለሰችው። እርጥቡ ጭቃ ጠቁሮ ያብለጨልጭ ነበር።

«እኔስ?» አልኩ።

ወንድሜ ወደ ጠፍሩ ጎንበስ አለ። «አንተ በሚቀጥለው።»

«ጋሼ፣ ቃል ገብተህልኝ ነበር።»

«ኬላው በቅሎ ብቻ አይደለም የሚይዘው። ጎረምሳም ይይዛል፣ ለድንጋይ ፈለጣ። መንገዱን መጀመሪያ እኔ ልርገጠው። ደህና ከሆነ የሚቀጥለው ያንተ ነው።»

ወጥቼ ግቢውን ዞርኩ። ገባሁ። እንደገና ወጣሁ። ባልንጀራው ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ሆኖ «የግድግዳው ነጋዴ መሬቱን ሊፈጨው ነው» አለ። ወንድሜ ሳቀ፤ እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ደህናው ቀን ያ ነው። ሌላ የለውም።

ሲነጋ ዳገቱ እስኪጀምር ሸኘኋቸው። ወንድሜ አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር፣ ከበሬ ቆዳ ራሱ የቆረጠው፤ ሲራመድ ሲጥ ሲጥ ይላል። ከመንገዱ ዳር ያለው የማሽላ አገዳ ጤዛ ይዞ አረንጓዴ አረንጓዴ ይሸት ነበር። አንድ ካሚዮን አልፎ አቧራ አለበሰን።

«የግድግዳው ነጋዴ፣ ከከተማ ምን እናምጣልህ?» አለ ባልንጀራው።

ወንድሜ ቀደመኝ። «ለእሱ መንገድ አመጣለታለሁ።»

የጫማው ድምፅ ከበቅሎዋ ኮቴ ጋር ተቀላቅሎ ራቀ። አቧራው ሳይረጋ ጠፉ።

እዚህ ላይ ላቋርጥህ። ጣሊያን ከወጣ ከዓመታት በኋላ፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ ከልጆች ጋር ሁለተኛ ደረጃ ተማርኩ። አንድ ቀን የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ካርታ ሰቅሎ ከጥጉ ያለውን የምልክቶች መግለጫ በበትር እያሳየ አነበበልን። ሙሉ መስመር፣ ያለ መንገድ። የተቆራረጠ መስመር፣ የታሰበ፣ ገና ያልተሠራ መንገድ። እንደ ቀላል ነገር ተናግሮ ወደ ወንዞች አለፈ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ደወል እስኪደወል ግቢው ውስጥ ተመላለስኩ። ጣሊያኖቹ የሳሉት ሊሠሯት ያሰቧትን ከተማ ነበር፤ ካለችው ጋር በአንድ ወረቀት ላይ። ወንድሜ ካለችው ተነስቶ ወደሌለችው ገባ። አንተ አሁን ቀጥሎ ባለው ካርታ ላይ ብታይ መስመሩ ሙሉ ነው። በኋላ ሠርተውታል። አውቶቡስ ይሄድበታል። እኔ በዚያ አውቶቡስ ተሳፍሬ አላውቅም።

ያኔ ግን ይህን አናውቅም። ጠበቅናቸው።

መጠበቅ አልችልበትም፤ እስከ ዛሬም አልችልበትም። ከቤት ወደ መንገድ፣ ከመንገድ ወደ ቤት። ካሚዮን ከዳገቱ ሲወርድ ድምፁ ከመታየቱ በፊት ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር እሮጣለሁ፣ በካሚዮን እንደማይመጡ እያወቅሁ። ተመልሼ ግድግዳው ፊት እቆማለሁ። እናቴ የተወችለት ቦታ ቀን በቀን መልኩን ለወጠ። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ነጣ፤ ከዚያ ወደ መካከሉ ገባ፤ መጨረሻ ላይ ሙሉ ደርቆ ከሌላው ግድግዳ የማይለይ ሆነ። እርጥብ ሳለ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ተቀመጥ» ትለኛለች እናቴ። «ቤቱን አዞርከው።»

«ዘገዩ እኮ።»

«ደጋው ዘንቦ ይሆናል። ተቀመጥ።»

ራሷ ግን አትቀመጥም ነበር። የተጠረገውን ትጠርጋለች። ረመዳን ሳይገባ እንመለሳለን ብለው ነበር። ጨረቃዋ ታየች፤ ጎረቤት እልል አለ፤ እናቴ ለእሱ የሚሆን ተምር በጨርቅ ቋጥራ ጓዳ አስቀመጠች።

ከዚያ በጥቂት ቀን፣ የአስር ሶላት ተሰግዶ ፀሐይዋ ወደ ደጋው ስታዘነብል ነው የበቅሎዋን ኮቴ የሰማሁት። ኮቴውን ብቻ። ሲጥ ሲጥ የሚለው የለም። ባልንጀራው ከሩቅ ሳይጣራ፣ አንድ ነገር ሳይቀልድ ደጃችን መጥቶ አያውቅም። ያን ቀን አጥሩ ሥር ዝም ብሎ ቆመ። በቅሎዋ ጭነት የላትም። ኮርቻዋ ላይ የወንድሜ ጫማ በጠፍር ታስሮ ተንጠልጥሏል፣ ሁለቱም። እናቴ ከጓዳ ወጣች። ያየችው ጫማውን ነው፤ ሰውየውን አላየችውም።

«ልጄስ?»

«ኢና ሊላሂ...» አለ። ቀሪውን ሊጨርሰው አልቻለም።

እየተንተባተበ ያን ሰዓት የነገረን ይህን ብቻ ነው። ዘብ ተኩሶ ገደለው። የአገር ልጆች ተቀብለው አጠቡት፣ ገነዙት፣ ሰገዱበት፤ እዚያው ከተማ በሙስሊሞች መቃብር ቀበሩት። አህዮቹና ጥጡ ቀሩ።

እናቴ አላለቀሰችም፣ ያኔ። እንደ ልማዷ እጇን ወደ ጫማው ሰደደች። ከመንገድ የመጣ ጫማ ነው፤ እጇ የሚያውቀው ማራገፍ ነው። ባልንጀራው በእሷና በበቅሎዋ መካከል ገባ።

«አይራገፍ፣ እትዬ» አለ። «ገና አልተሳለም።»

ያን ሌሊት አልነግርህም።

በማግስቱ የንጋቱ ሶላት፣ ሱብሂ፣ ተሰግዶ፣ የሐዘን ሰው ግቢው ውስጥ ጋደም ጋደም ባለበት ሰዓት፣ እኔ ተነሳሁ። መተኛትም መቀመጥም አልቻልኩም። ከደጃፉ ገና ሰማያዊ የሆነ ብርሃን ይገባል። ጫማው ግድግዳው ሥር እንደ ተቀመጠ ነው። ሶሉ ላይ ጭቃ ደርቋል፣ የኛ ያልሆነ ጭቃ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተጣበቀበት። ቀዩን አፈር ፈለግሁ። ቅሉን አነሳሁት፤ ርጥብ ነበር። እናቴ ቀድማኝ በጥብጣዋለች። ጥግ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

እኔ አዲስ አበባን ረግጬ አላውቅም። ሕጉን አውቃለሁ። እግሬ አልረገጠውም፤ ጫማው ግን ረግጦታል።

ጫማውን አደረግሁ። ሰፋኝ። ሄጄ ግድግዳው ፊት ቆምኩ። ባልንጀራው ከተጋደመበት ቀና ብሎ አየኝ። መጥቶ ከጎኔ ቆመ።

«አሳየኝ» አልኩት።

ጣቱን ዘርግቶ የምሥራቁ ወንዝ ላይ አኖረው። «ከዚህ ገባን። እንደ ወረቀቱ ነበር። ጥርጊያ አለው፣ እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች ይመላለሱበታል።»

አውራ ጣቴን ነክሬ ጠብ አደረግሁ።

«እዚህ ላይ ሳቀ። 'አየህ፣ የኛ መንገድ ነው' አለኝ።»

ጠብ።

«እዚህ ቀጠነ። ሴቶቹም ቀሩ። እንመለስ አልኩት። 'አዲስ ስለሆነ ነው፣ ገና አልተረገጠም' አለ።»

ጠብ።

«ከዚህ ወዲያ መንገድ የለም። ችካል ብቻ። አናቱ ቀለም የተቀባ ችካል፣ በመስመር የተተከለ። እሱን ተከተልን። ችካሉ ሽቦ ውስጥ ገባ፣ የወታደር ግምጃ ቤት ነው። ዘቡ ጮኸ። ምን እንዳለ አላወቅንም። ወንድምህ ወረቀቱን አወጣ። ሊያሳየው። በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ዘረጋለት። 'መንገድኮ አለው፣ ይኸው፣ የናንተው ነው' እያለ በአማርኛ...»

ጣቱ ግድግዳው ላይ ነበር።

«እዚህ?» አልኩት።

«እዚህ።»

ጠብ።

ገበያው ከዚያ ሩቅ አልነበረም። ጥቂት ነበር የቀረው። እናቴ ያለሰለሰችው ቦታ ገላጣ ሆኖ ይጠብቃል፤ ወረቀቱ ላይ ያየሁትን ቀሪውን መስመር ጣቴ አሳምሮ ያውቀዋል። እጄ መሄድ ፈለገ። ያዝኩት። ከመጨረሻዋ ጠብታ አፈሩ ቀጥኖ ወደ ገበያው በኩል መፍሰስ ጀመረ። እናቴ ተነስታ መጣችና በጣቷ ጫፍ ጠረገችው፣ እስከ ጠብታዋ ድረስ። ጠብታዋን አልነካችም። ከዚያ ወዲያ ማንም አልረገጠም።

መሳሉ አለቀ። ከመሳል በኋላ የሚደረገው ይታወቃል። ወደ ደጃፉ ሄጄ ጫማውን አወለቅሁና ድንጋዩ ላይ ልመታው አነሳሁት። እናቴ ከኋላዬ ነበረች።

«ተወው» አለች።

ቆምኩ። በአንድ እጄ ጫማ ይዤ፣ ሌላው እጄ እስከ አንጓው ቀይ ሆኖ፣ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ግቢው ጥግ በቅሎዋ ጆሮዋን አቁማ ወደ ደጃፉ ታያለች። ከመጣች ጀምሮ ውሃ ያጠጣት አልነበረም፤ ማጠጣት የወንድሜ ሥራ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማንም አላሰባትም። ጫማውን መልሼ አደረግሁት። ልጓሟን ይዤ ወጣሁ። ጫማው ለእኔ በጣም ሰፊ ነበር፤ ሲጥ ሲጥ እያለ፣ በየርምጃው ሊወልቅ እያለ፣ እንዳይወልቅብኝ በእግሬ ጣቶች ጨብጬ ይዤው ወደ ወንዙ ወረድኩ።